በኩር ልጅ ሲጠበቅ የሚገኝ ድጋፍ

በቆቦ ሜዳ ማሽላው ታጭዶ ሲወቃ፣ ጎተራው ሲሞላ፣ ሠርግ ይበዛል። ዓመት ሳይዞር ደግሞ በብዙ ጎጆ በኩር ልጅ ይጠበቃል። (ሠርግ ስንል የ18 ዓመት ሙሽራ ማለታችን ነው። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው።) ልጅ ሲጠበቅ ደስታ ነው። ግን ከደስታው ጋር አንድ ጥያቄ ይመጣል። ገንዘቡ ከየት ይገኛል?

አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ስም አናወጣላቸውም። እንደ እነሱ ያሉ በየቀበሌው አሉና ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ገና ጎጆ መውጣታቸው ነው። በስማቸው መሬት የላቸውም። ባል የሰው መሬት በእኩል ያርሳል። የመስኖ ሥራ ሲኖር በቆቦ ጊራና ሸለቆ ሽንኩርትና ቲማቲም ሲለቅም ይውላል። ሚስት ውኃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትፈጫለች፤ ትጋግራለች። እሷ ሥራ ፈታለች አላልንም። ብር ይዞ ወደ ቤት የሚገባው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱ አንድ ሳምንት ቢታመም ቤቱ ይጎድላል። አሁን ደግሞ ሦስተኛ ሰው እየመጣ ነው።

በመጀመሪያ የሌለውን እንናገር። በአንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ በጀርመን፣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ልጅ በየወሩ ለወላጆች ገንዘብ ይከፍላል። በእኛ አገር ለወለደ ሁሉ የሚሰጥ እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። «ለወለደች ብር መጥቷል፤ መመዝገቢያ ክፈሉ» የሚል ሰው ቢመጣ፣ ምንም አትስጡት። የእኛ አገር ድጋፍ ሌላ ዓይነት ነው። አብዛኛው በእጅ የሚቆጠር ብር አይደለም። ሳይከፈል የሚቀር ወጪ ነው፤ ሳይሠራ የሚታለፍ የጉልበት ሥራ ነው። ደግሞም ቤት ድረስ አይመጣም። ቀድሞ የጠየቀ ያገኘዋል። ዘግይቶ የጠየቀ ብዙውን ያጣዋል።

ቀድሞ መጠየቅ ማለት እርግዝናውን ቶሎ መናገር ማለት ነው። እዚህ ላይ ችግር አለ። በአገራችን እርግዝና ቶሎ አይነገርም። አማት «ልጄ፣ ሆድሽ ሳይገፋ አታውሪ። የሰው ዓይን ክፉ ነው» ይላሉ። ሙሽራዋም ታፍራለች። እኛ የአማትን ምክር አንንቅም። ለሰፈሩ ሁሉ፣ ለገበያው ሁሉ ይነገር አላልንም። ለአንዲት ሴት ብቻ ይነገር። እሷም የጤና ኬላዋ ባለሙያ ናት። ምሥጢር መጠበቅ ሥራዋ ነው።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሴት ባለሙያዎች ተመደቡ። ነፍሰ ጡር ሴት በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ስትታይ ለምርመራው አትከፍልም። የደም ማነስ መከላከያ ክኒኑ በነፃ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱ በነፃ ነው። በጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚደረገው ክትትልና የልጁ ክትባትም እንዲሁ በነፃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ዓ.ም. አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ መክሯል። አገራችንም ምክሩን ተቀብላለች። የመጀመሪያው ምርመራ ሦስት ወር ሳይሞላ ቢሆን ይመረጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ በነፃ ሲባል ሁሉም ነገር በነፃ አይሆንም። «መድኃኒቱ አልቋል፤ ከውጭ ግዙ» የሚባልበት ቀን አለ። የመንገድ ወጪ አለ፤ አጅቦ የሚሄድ ሰው ምግብም አለ። ስለዚህ ጥቂት ብር ለብቻው ይቀመጥ።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር እንምጣ። ይኸውም ሴፍቲኔት ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ቆቦ ወረዳም ገብቶበታል። ምግብ የሚያጥራቸው ቤተሰቦች በቀበሌ ተመርጠው ይመዘገባሉ። ለሥራ የደረሰው በወር 5 ቀን የልማት ሥራ ይሠራል። እርከን ይሠራል፤ መንገድ ይጠግናል፤ ጉድጓድ ይቆፍራል። ሥራው በዓመት ውስጥ ለ6 ወር ያህል፣ በበጋና በበልግ ይሠራል። ክፍያው በእህል ሲሆን ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል። በጥሬ ብር የሚከፈልበትም ጊዜ አለ።

ከሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ ያለች ሴት ብታረግዝስ? በ2007 ዓ.ም. የወጣው አሠራር መልሱን ግልጽ አድርጎታል። እርግዝናዋ በጤና ባለሙያ ሲረጋገጥ ከጉልበት ሥራ ትወጣለች። ድርሻዋ ግን አይቀርም። ይህን «ጊዜያዊ ቀጥተኛ ድጋፍ» ይሉታል። ጊዜያዊ የተባለው ወሰን ስላለው ነው። ቀጥተኛ የተባለው ያለ ጉልበት ሥራ ስለሚሰጥ ነው። በዚያ አሠራር መሠረት ድጋፉ የሚቆየው ልጁ አንድ ዓመት እስኪሞላው ነው። በድንጋይ ሸክም ፋንታ የምትሠራው ሌላ ነገር አለ። የእርግዝና ክትትሏን ትፈጽማለች፤ ስለ ምግብና ስለ ሕፃን አያያዝ በሚሰጠው ትምህርት ላይ ትገኛለች።

ሒሳቡን እንሥራው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ተመዝግበዋል እንበል። ሁለት ሰው በወር አምስት አምስት ቀን ሲሠራ 10 ቀን ይሆናል። የሁለቱ ድርሻ 30 ኪሎ ነው። ሚስት አርግዛ ስትመዘገብ የእሷ 5 ቀን ይቀራል። 30 ኪሎው ግን 30 ኪሎ ነው።

እንግዲህ እርግዝናዋን የደበቀች ሴት ምን እንደምታጣ አስቡት። በስድስተኛ ወሯ እርከን ላይ ድንጋይ ትሸከማለች። ሥራ ብትቀር ከክፍያው ይቀነስብኛል ብላ ትፈራለች። ብትሸከም ደግሞ ለራሷም ለጽንሱም ያሰጋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልትጠየቅ በማይገባት ሥራ ነው። ሕጉ ከዚያ ሥራ አውጥቷታል። ሕጉ ግን ማርገዟን አያውቅም። የሚያውቀው ወረቀቱ ሲደርሰው ነው። የጤና ኬላዋ ባለሙያ እርግዝናውን መዝግባ ወረቀት ትሰጣለች። ወረቀቱ ሥራውን ለሚቆጣጠረው የልማት ሠራተኛ ይሰጣል። ባል ይህን መልእክት ሊያደርስ ይችላል። እንዲያውም እሱ ቢያደርሰው ደግ ነው፤ ሚስት በወንዶች ፊት ቆማ «አርግዣለሁ» ከማለት ትድናለች።

ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ቤተሰብ ይህን ድጋፍ አያገኝም። ዝርዝሩ ግን በየጊዜው ይከለሳል። አዲስ ጎጆ የወጡ ሰዎች ስማቸው በአባታቸው ቤት ቀርቶ ይረሳሉ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚደርስ ነገር ነው። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻውን አሁን ራሳችሁ መጻፍ ትችላላችሁ። ሁለት መስመር ይበቃል፦ «ጎጆ ከወጣን አንድ ዓመት ሆነን። መሬት የለንም፤ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት፤ ስማችን እንዲታይልን እንጠይቃለን።» ቀኑን ጻፉበት፤ ፈርሙበት። አንድ ግልባጭ ለራሳችሁ አስቀሩ።

ሌላው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ነው። ስሙ ረጅም ነው። ነገሩ ግን እንደ ቅሬ ነው። በቅሬ ሁሉም ያዋጣል፤ ሐዘን የደረሰበት ይረዳበታል። በጤና መድኅንም ሁሉም በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ የታመመ ይታከምበታል። በክልላችን ይህ ነገር በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ከተጀመረባቸው ሦስት ወረዳዎች አንዱ የደቡብ ወሎው ተሁለደሬ ነበር። ፎገራና ደቡብ አቸፈርም ነበሩ።

በጤና ጣቢያ መውለድ በነፃ ከሆነ መድኅኑ ለምን ያስፈልጋል? ምጥ ሁልጊዜ በጤና ጣቢያ አያልቅም። ልጁ ተጋድሞ ቢገኝ፣ ደም ቢፈስ፣ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ቆቦ ሆስፒታል አለ። ከዚያ ካለፈ ወልዲያ ነው፤ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ኦፕራሲዮን አለ፤ መድኃኒት አለ፤ አልጋ አለ። የመድኅን ደብተር ያላት ሴት በሪፈር ወረቀት ስትሄድ ወጪዋን መድኅኑ ይሸፍናል። ደብተር የሌለው ባል በሬውን ይሸጣል። በሬ ከሌለውም አራጣ ይበደራል። በአራጣ የተበደረ ሰው ልጁ እግር ሲያወጣም ገና ወለድ ይከፍላል።

በዚህ ላይ አዲስ ተጋቢዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የአባትሽ ደብተር ለአባትሽ ቤት ነው። ጎጆ ከወጣሽ ለእናንተ ሌላ ደብተር ያስፈልጋል። ምዝገባው ወቅት አለው፤ ብዙ ጊዜ ምርት ከገባ በኋላ ነው። ምጥ በመጣ ሌሊት ሮጦ የሚከፈል ነገር አይደለም። መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት መዋጮውን ይሸፍናል። ይህ ግን በቀበሌ ተለይቶ ሲጸድቅ ነው። ስለዚህም መጠየቅ ያስፈልጋል።

የበኩር ልጅ በሚስት እናት ቤት ይወለዳል። ይህ የቆየ ልማድ ነው፤ እናት የልጇን ምጥ ታውቃለች፤ ገንፎውንም እሷ ታገነፋለች። ልማዱን አንነካም። ግን የእናት ቤት ሌላ ቀበሌ፣ ምናልባትም ሌላ ወረዳ ነው። የመድኅኑ ደብተር የሚሠራው ውል በተገባበት ጤና ጣቢያ ነው። እንግዲህ ወደ እናት ቤት ከመሄዷ በፊት ባለሙያዋን ትጠይቅ። የክትትል ካርዷንና ደብተሯን ይዛ ትሂድ። የሴፍቲኔት ድርሻዋን ማን እንደሚቀበልላት ቀድሞ ይነገር።

ከዞብል ተራራ ወገን ላሉ ደግሞ ሌላ መላ አለ። በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ ቤት አለ። ነፍሰ ጡሯ ቀኗ ሲቃረብ ሄዳ እዚያ ትቆያለች። አምቡላንስም ለእናቶች በነፃ ነው። ግን በአምቡላንስ ብቻ አትመኑ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ሲገባ በክልሉ ብዙ ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ ተዘርፏል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭትም መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ባለ ባጃጁን ቀድሞ ማናገር፣ ቃሬዛ የሚሸከሙ አራት ጎረቤቶችን መለየት ያስፈልጋል።

ደመወዝተኛ ለሆኑ ሰዎች ጥቂት እንጨምር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለተቀጠረች ሴት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዟ ፈቃድ ይሰጣል። ለአባትም ከነደመወዙ 3 ቀን አለው። በቀን ሥራ የሚኖረው ባል ግን ከዚህ ብዙም አይጠቀም። ለእሱ የሚደርስለት ጎረቤቱ ነው። ሚስቱ የወለደች ሰሞን እርሻው በጅጌ ቢታረምለት፣ በወር ከሚገኝ ብዙ ብር ይበልጥለታል።

ስለ ቅሬ ካነሳን አይቀር የተሰማንን እንናገር። ቅሬ ለሞተ ይሰበሰባል። ድንኳን አለው፤ ድስት አለው፤ ገንዘብ አለው። ለወለደች ግን መተዳደሪያው ላይ ምንም አልተጻፈም። ቃሬዛው የቅሬ ነው፤ ተሸካሚውም የቅሬ አባል ነው። ታዲያ ለምጥ ጊዜ መጓጓዣ ከሣጥኑ ጥቂት ቢመደብ ምን ይጎዳል? በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ ይጠይቅ።

ድግሱንም በልክ ማድረግ ነው። ክርስቲያኑ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን ክርስትና ያስነሳል። ሙስሊሙ ለአቂቃ በግ ያርዳል። ሁለቱም መልካም ናቸው። ግን ለአራሷ የተቀመጠው ቅቤና እህል ለእንግዳ ካለቀ፣ ጡት የምታጠባው ሴት ምን ትበላለች? ቄሱም ሼኹም ትልቅ ድግስ ግዴታ ነው አላሉም።

ልጁ ሲወለድ ከጤና ጣቢያው የልደት ማሳወቂያ ወረቀት ተቀበሉ። በ90 ቀን ውስጥ ወረቀቱንና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ቀበሌ ሂዱና ልጁን አስመዝግቡ። መዝገቡ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የልጁን ስም፣ የአባትና የእናትን ስም፣ የተወለደበትን ቀን ራሳችሁ አንብቡት። ፊደል የተሳሳተ ካለ እዚያው አስተካክሉ በሏቸው።