የሞቀ ቤት ስንት ያወጣል?

ልጅ ከአረብ አገር ወይም ከደቡብ አፍሪካ ጥሪት ይዞ ሲመለስ፣ ወይም አባት ጡረታ ሲወጣ፣ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ ቤተሰብ መካከል ቶሎ የሚነሳ ሐሳብ አለ። «ከዜሮ ከመጀመር የሞቀ ቤት እንግዛ» ይባላል። ክትፎ ቤት፣ ሻይ ቤት ወይም ሱቅ ሊሆን ይችላል። ሻጩም «ደንበኛው የተዘጋጀ ነው፤ የእናንተ ሥራ ቁልፉን መረከብ ብቻ ነው» ይላል። በዚህ ጊዜ ገንዘቡን እንዲያዋጡ ወይም ቤታቸውን እንዲያስይዙ የሚጠየቁት ወላጆችና አያቶች ናቸው። ስለዚህ ዋጋው የምን ዋጋ እንደሆነ ማወቅ ለእኛም ይጠቅመናል።

የዕድርን ነገር እናስብ። የዕድሩን ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት የፈለገ ሊገዛው ይችላል። ለቀስተኛውን ግን ማንም አይገዛውም። የሞቀ ቤትም እንዲሁ ነው። ጠረጴዛው፣ ፍሪጁና ሚዛኑ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ደንበኛው ግን ነገ ሌላ ቤት ለመግባት ማንንም አያስፈቅድም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም የንግዱን መልካም ዝና ከዕቃው ለይቶ ዋጋ ያለው ነገር አድርጎ ይመለከተው ነበር። ጥያቄው ያ ዝና ከሻጩ ጋር ይሄዳል ወይስ ከቤቱ ጋር ይቀራል የሚለው ነው።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አንድ ክትፎ ቤት 900,000 ብር ተባለ እንበል። ዕቃው በገበያ ዋጋ ቢሸጥ 300,000 ያወጣል። ስለዚህ 600,000 ብር የሚከፈለው ለደንበኛው ነው። የሥጋ፣ የቅቤ፣ የቆጮና የመጠጥ ወጪ ተነስቶ በወር 75,000 ብር ይቀራል። ከዚያ ላይ ኪራይ፣ ደመወዝ፣ መብራትና የቤተሰቡ የራሱ የጉልበት ዋጋ 50,000 ይወስዳል። የተጣራው 25,000 ስለሚሆን 600,000ው በ24 ወር ይመለሳል። ጥሩ ይመስላል። አሁን ከደንበኛው ሲሶው ቀረ እንበል። 75,000ው ወደ 50,000 ይወርዳል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን አይቀንስም። ትርፉ ዜሮ ሆነ ማለት ነው። ሲሶ ደንበኛ የሄደበት ቤት ሙሉ ትርፉን ሊያጣ ይችላል።

ትልልቅ ኩባንያዎችም በዚህ ተጎድተዋል። ያሁ እ.ኤ.አ. በ2013 ታምብለር የተባለውን ሰዎች የሚገናኙበትን የኢንተርኔት መድረክ በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዛ። ባለቤትና ደንብ ሲለዋወጥ ብዙ ሰው ጥሎት ሄደ። በ2019 ሲሸጥ ዋጋው ከ3 ሚሊዮን ዶላር በታች እንደነበረ ተዘግቧል።

እንግዲህ ምን እንመርምር? እኔ በሙያዬ ነርስ ነበርኩ። የደም ግፊት በአንድ ልኬት ብቻ አይወሰንም፤ ሰውየው ተረጋግቶ በተለያየ ቀን ይለካል። ቤትም እንዲሁ ይለካ። ለመስቀል ወይም ለአረፋ የአዲስ አበባው ዘመድ ሁሉ ወደ ጉራጌ ሲገባ የማይሞቅ ቤት የለም። በዚያ ሳምንት ታይቶ የተገዛ ቤት በኅዳር ሌላ ቤት ሊሆን ይችላል። በገበያ ቀን፣ በተራ ቀን፣ በረቡዕና በዓርብ፣ ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞንና ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ሄዳችሁ ቁጭ በሉ፤ የሚገባውን ሰው ቁጠሩ። 55 ቀኑን የሁዳዴ ጾም ቤቱ እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቁ። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ያለ ቤት ከሆነ ደግሞ ተማሪው ለእረፍት ሲበተን ምን እንደሚቀር እዩ።

ቀጥሎ ደንበኛው ለማን ብሎ እንደሚመጣ እወቁ። ቅቤውን የምታነጥረውና ክትፎውን የምትለውሰው ባለሙያ ማን ናት? ከሽያጩ በኋላ ትቆያለች? ደንበኛው የሚመጣው ለሻጩ ጨዋታ ከሆነ ከሻጩ ጋር ይሄዳል። ለቦታው ብሎ፣ መናኸሪያው ወይም ሆስፒታሉ አጠገብ ስለሆነ ከሆነ ይቆያል። በሥጋ ላይ ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ ክርስቲያኑ የክርስቲያን፣ ሙስሊሙ የሙስሊም እርድ ነው የሚበላው። ቤቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ካለፈ የምትገዙት ባዶ ወንበር ነው። የዱቤ ደብተሩንም እንደ ገንዘብ አትቁጠሩት፤ ብዙ ባለዕዳ «እኔ የማውቀው እሱን ነው» ይላል።

በሽማግሌ ፊት መነጋገር መልካም ልማዳችን ነው፤ ግን ሁሉም በጽሑፍ ይሁን። አከራዩ ለአዲሱ ተከራይ በስንትና ለስንት ዓመት እንደሚያከራይ ይፈርም። የንግድ ፈቃድ ከሰው ወደ ሰው ስለማይተላለፍ ገዢው በራሱ ስም ያውጣ። መድኃኒት ቤት ወይም ክሊኒክ ከሆነ የባለሙያው የሙያ ፈቃድ የግሉ ነው፤ ከመደርደሪያው ጋር አይሸጥም። ሻጩ የግብር ዕዳ እንደሌለበት ማስረጃ ያቅርብ። በዚያው ሰፈር ተመሳሳይ ቤት እንደማይከፍትም በውሉ ይግባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አከፋፈሉ ነው። የዕቃውን ዋጋ በርክክቡ ቀን ክፈሉ። የደንበኛውን ዋጋ ግን በአንድ ጊዜ አትስጡ፤ ከፊሉ ከስድስት ወር በኋላ፣ ገበያው በተነገረው መጠን ከቆየ ይከፈል። ሻጩም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብሮ ቆሞ ደንበኛውን ያስተዋውቅ። ስለ ደንበኛው የሚናገረውን ራሱ የሚያምን ሻጭ ይህን ለመስማማት ብዙ አይቸገርም። እምቢ ካለም ልጆቻችሁ ዕቃውን በዕቃ ዋጋ ብቻ ይጠይቁ፤ ወይም ያን 600,000 ብር ይዘው ሌላ ቤት ይፈልጉ።