ስለ ሽጉጥ ግዢ፤ ዋጋው፣ ጥራቱና የሻጩ ፖለቲካ

በጎንደር ገበያ ሰሊጥ የሚሸምት ነጋዴ በጆንያው አፍ ላይ የሚታየውን ብቻ ተመልክቶ ገንዘቡን አይቆጥርም። እጁን እስከ ክንዱ ሰድዶ ከመካከሉ ዘግኖ ያወጣል፤ ያሸታል፤ ያበጥራል፤ ሻጩም ማን እንደ ሆነና ከወዴት እንደ መጣ ይጠይቃል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ሽጉጥ ሊገዛ ሲነሣ ግን ጥንቃቄውን ከሱቁ ትቶት ይሄዳል። በከተማችንም ሆነ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ ደጋ መሣሪያ ከጥንት ጀምሮ የክብር ዕቃ ስለ ሆነ፣ ዓይን ወደ ብልጭታው፣ ጆሮም ወደ ስሙ ያዘነብላል። ይህ ጽሑፍ ያንኑ የሰሊጥ ገበያ ጥንቃቄ ወደ መሣሪያው ለመመለስ የታሰበ ነው።

አስቀድሞ ሕጉን ማስታወስ ይገባል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። እንግዲህ ነገራችን የሚመለከተው ፈቃድ ያለውን ገዢ፣ ይልቁንም ለጥበቃ ሠራተኞቹ መሣሪያ የሚያስታጥቀውን ድርጅት ነው። እንዲህ ያለው ገዢ ሦስት ነገሮችን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አለበት፤ እነርሱም ዋጋ፣ ጥራትና የሻጩ ፖለቲካ ናቸው።

ስለ ዋጋ የሚነገር አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ በሆነበት ዘመን፣ በ1879 ዓ.ም. ሁለት ሺህ ያህል ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ወደ ሸዋ አመጣ። መሣሪያው በአፈ ሙዙ በኩል የሚጎረስና በአውሮፓ ዘመኑ ያለፈበት ነበር። ሬምቦ ለቤተ ሰቡ እንደ ጻፈው፣ በሊዬዥ ከተማ በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ የአንዱ ጠመንጃ ዋጋ ሰባት ወይም ስምንት ፍራንክ ሲሆን፣ በሸዋ ግን እስከ አርባ ፍራንክ ድረስ ያወጣል ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ፈቃድ በመጠበቅ በታጁራ ብዙ ወራት ቈየ፤ ሸሪኩም ሞተበት። ወደ ሸዋ በደረሰም ጊዜ ንጉሥ ምኒልክ ዋጋውን ቈርጠው፣ የሟቹንም ሸሪክ ዕዳ ከሒሳቡ ላይ አስቀነሱ። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ሻጩ የሚጠራው ዋጋ የዕቃው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የመንገዱ፣ የፈቃዱና የመዘግየቱ ዋጋም በውስጡ አለ። ዕቃውን የሚያውቅ ገዢ ደግሞ በተጠራው ዋጋ አይታሰርም።

ጥራትን በተመለከተ ገዢው በመጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው የፈተና ማኅተምን ነው። መሣሪያ ሠሪዎች በሚኖሩባት በሊዬዥ ከተማ የአፈ ሙዝ ፈተና ከ1672 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል። ፈተናውም መሣሪያው ከተለመደው የበረታ ጥይት ተጎርሶበት ሳይፈነዳ መቅረቱን ማረጋገጥ ነው። ማኅተም የሌለው መሣሪያ ፈተናውን የሚያልፈው በገዢው እጅ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የጥይቱ ነው። በኅዳር 1934 ዓ.ም. በጄኔራል ናሲ የሚመራው የጣሊያን ጦር በጎንደር እጁን ሲሰጥ፣ የጣሊያን ሠራዊት ከታጠቃቸው ሽጉጦች አንዱ በ1934 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የወጣው ቤሬታ ነበር። ይህ ሽጉጥ ባለ 9 ሚሊሜትር ይባላል፤ ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትም ሽጉጥ ባለ 9 ሚሊሜትር ይባላል። ይሁን እንጂ የቤሬታው ቀለህ ርዝመት 17 ሚሊሜትር፣ የዛሬው 19 ሚሊሜትር ስለ ሆነ አንዱ ለሌላው አይሆንም። በቍጥሩ ተታልሎ የገዛ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የብረት ጌጥ ያተርፋል። መለዋወጫና ጠጋኝ የማይገኝለት መሣሪያም እንዲሁ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚዘነጋው የሻጩ ፖለቲካ ነው። በዚህ ረገድ ከጎንደር የተሻለ አስተማሪ ከተማ አይገኝም። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን በ1852 ዓ.ም. በጎንደር አጠገብ በሽፍቶች ቈስሎ ተማረከ፤ ቤዛ ተከፍሎለት ቢለቀቅም በጎንደር ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ ለቆንስሏ ስለ ተደረገው ቸርነት ለዐፄ ቴዎድሮስ ሽጉጥ በስጦታ ላከች፤ ስጦታውንም ቆንስል ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. አመጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አጥብቀው የፈለጉት የእጅ ጥበብ ዐዋቂዎችን ነበር፤ ወደ ንግሥቲቱ የላኩትም ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሕይወታቸውን ያሳለፉበት ሽጉጥ ያው ስጦታ እንደ ነበረ ይነገራል። የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየርም አገሩን ለቆ ሲወጣ፣ በጉዞው ለረዱት ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ መድፍና ጠመንጃ ሰጣቸው። በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ በቍጥር የሚበልጠው የዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ሠራዊት ድል ሲሆን ይህ መሣሪያ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1927 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥታት ለኢትዮጵያም ለጣሊያንም መሣሪያ አንሸጥም ባሉ ጊዜ፣ ጣሊያን በራሷ ፋብሪካ ስትሠራ የተጎዳው ከውጭ የሚገዛው አገር ብቻ ሆነ።

የዛሬዎቹ ኩባንያዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። ስሚዝና ዌሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በመጋቢት 1992 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ክሊንተን መንግሥት ጋር ስለ ሽጉጥ ደኅንነት ስምምነት ቢፈርም፣ የገዛ ደንበኞቹ ዕቃውን አንገዛም ብለው አደሙበት። በ1979 ዓ.ም. በ112 ሚሊዮን ዶላር ግድም የገዛው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1993 ዓ.ም. በ15 ሚሊዮን ዶላርና በዕዳው ሸጠው። የሽጉጡ ብረት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የገበያው ስሜት ነው። በቤልጅግ ያለው የኤፍ ኤን ፋብሪካ ባለቤት ደግሞ የወሎን ክፍለ አገር መንግሥት ነው፤ ወደ ውጭ የመላክን ፈቃድ የሚሰጠውም ይኸው መንግሥት ነው። ሻጩና ፈቃድ ሰጪው አንድ በሆኑበት ቦታ፣ ዛሬ የተሸጠ መሣሪያ ነገ ጥይትና መለዋወጫ ላይከተለው ይችላል።

እንግዲህ ሦስቱን እንዴት እንመዝን? በእኛ አስተያየት በመጀመሪያ ጥራት ይቅደም፤ ምክንያቱም በጥራት የጐደለ መሣሪያ በምንም ዋጋ ርካሽ አይሆንም። ቀጥሎ የሻጩ ፖለቲካ ይመርመር፤ ይኸውም ጥይቱና መለዋወጫው ከአንድ በላይ ከሆነ ምንጭ መገኘቱ ነው። ዋጋ በመጨረሻ ይታይ፤ በእርሱም ውስጥ የጥይቱ፣ የልምምዱና የሚቈለፍበት ሣጥን ወጪ ይደመር።

ከሁሉ በፊት ግን ገዢው ራሱን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ። ክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ በግጭት ብዙ ሰውና ብዙ ንብረት አጥቷል። ያልሠለጠነ ዘበኛ የያዘው ሽጉጥ መጋዘኑን ከመጠበቅ ይልቅ ወንበዴን ወደ መጋዘኑ ሊጠራ ይችላል። በመልካም ቍልፍ፣ በደማቅ መብራትና በታመነ ዘበኛ የሚጠበቅ ንብረት ካለ፣ ያልተገዛው ሽጉጥ ለነጋዴው ከሁሉ የሚበልጥ ትርፍ ነው።