የተበተነ ድምፅ እንዴት ወንበር ይሆናል?

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ የፊሊፒንስ ፓርቲ ልንገራችሁ። ስሙ ሚግራንቴ ይባላል። ድምፃቸውን ከፈለጋቸው ሰዎች መካከል እዚሁ ሊባኖስ፣ ቤይሩት ዳርቻ ባለችው ዓይን ኤል ረማነህ፣ በማዳም፣ በአሠሪያቸው ቤት እንደሚያድሩት ፊሊፒናውያን እህቶቻችን ያሉ ሠራተኞች ይገኙበታል። የኛ ሰዎች ጉዳዩን በደንብ ቢያውቁት ደስ ይለኛል።

ነገሩ ከአንዲት የቤት ሠራተኛ ሞት ይጀምራል። ፍሎር ኮንቴምፕላሲዮን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1995 ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት ተቀጣች። አንዲት ፊሊፒናዊት ሠራተኛንና አንድ ሕፃን ገድላለች ተብላ ነበር የተፈረደባት፤ ብዙ ፊሊፒናውያን ግን ፍርዱን አላመኑም። አገሩ በቁጣ ተናወጠ፤ በዚያው ዓመት ለስደተኛ ሠራተኞች ጥበቃ የሚሆን ሕግ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የስደተኞች ማኅበራት ተሰባስበው ሚግራንቴን መሠረቱ። በ2004 ደግሞ ውጭ ያሉ ፊሊፒናውያን ለመጀመሪያ ጊዜ ባሉበት አገር ድምፅ ሲሰጡ፣ ሚግራንቴም ፓርቲ ሆኖ ለምክር ቤት ወንበር ተወዳደረ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልግባ። የፊሊፒንስ መራጭ ለታችኛው ምክር ቤት ሁለት ድምፅ አለው፤ አንዱ ለአካባቢው ተወካይ፣ ሌላው ለሚመርጠው ፓርቲ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከምክር ቤቱ ወንበሮች 20 በመቶውን ለዚህ ለሁለተኛው ድምፅ መድቧል። ይህ ድምፅ ወረዳ አያውቅም። ከማኒላም ይምጣ ከቤይሩት፣ እንደ እቁብ መዋጮ አንድ ቋት ውስጥ ይገባል። ከጠቅላላው 2 በመቶ ያገኘ ፓርቲ አንድ ወንበር ያገኛል፤ የቱንም ያህል ቢያገኝ ግን ከ3 አያልፍም። ሕጉ ከመነሻው ለትንንሾቹ የታሰበ ነው ማለት ነው። ውጭ ያለው ዜጋ የአካባቢ ተወካይ ስለማይመርጥ፣ በታችኛው ምክር ቤት ያለው ድምፅ ይኸው ብቻ ነው።

ከኛ ከኢትዮጵያ አሠራር ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ይገባችኋል። የኛ ምክር ቤት 547 ወንበር አለው፤ በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል። በ2013 ዓ.ም. ምርጫ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2 ወንበር ያገኘው መራጮቹ አንድ አካባቢ ስለሚኖሩ ነው። ከወሎ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ልጆቻቸውን ዓረብ አገር የላኩ ቤተሰቦች ፓርቲ ቢያቋቁሙስ? በየወረዳው ጥቂት ጥቂት ሆነው ይበተናሉ፤ አንድም ቦታ አያሸንፉም። እኛ እዚህ ያለነው ደግሞ በዚያ ምርጫ ባለንበት አገር ድምፅ የምንሰጥበት መንገድ አልነበረንም። የአሠሪዎቻችን የሊባኖሳውያን ዘመዶች እንኳ ፓሪስም ሲድኒም ባሉበት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2022 ምርጫዎች ለሊባኖስ ምክር ቤት 128 ወንበሮች መርጠዋል።

ሚግራንቴ ግን በ2004 አልተሳካለትም። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በዚያ ዓመት ለፓርቲዎች የተሰጠው ድምፅ ከ12 ሚሊዮን በላይ ነበር፤ 2 በመቶው ከ240 ሺህ ይበልጣል። ውጭ አገር ድምፅ የሰጡት ሁሉ ተደምረው እንኳ እዚያ አይደርሱም ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ሁሉም ስደተኛ መራጭ ሚግራንቴን ብቻ ቢመርጥ እንኳ በስደተኛው ድምፅ ብቻ ወንበር አይገኝም ነበር። የስደተኛ ፓርቲ ዕጣ ያኔ አገር ቤት በቀሩት እናቶች፣ ባሎችና እህቶች እጅ ነበር፤ ገንዘብ በሚላክላቸው። ይህን ሳስብ ወደ ቤት የሚደወል እያንዳንዱ ስልክ የምርጫ ቅስቀሳ ሊሆን እንደሚችል ይታየኛል።

ውጭ ያሉት መራጮች ካነሱባቸው ምክንያቶች አንዳንዶቹ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደሉም። ለመመዝገብ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ፓስፖርቱ ማዳም ጋ ነው። ኤምባሲ ለመሄድ የዕረፍት ቀን ያስፈልጋል፤ ከቤት የማትወጣ ልጅ መቼ ትሂድ? የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን ከ1946 ጀምሮ ከጥበቃው ውጭ አድርጓል። በጥር 2015 ቤይሩት ውስጥ የቤት ሠራተኞች፣ ኢትዮጵያውያንም ፊሊፒናውያንም፣ በሊባኖሱ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን በፌናሶል ጥላ ሥር ማኅበር ሲመሠርቱ እንኳ የሥራ ሚኒስቴሩ ዕውቅና ነፍጓቸዋል።

ፊሊፒንስ ውስጥ ግን ከ2004 ወዲህ የትንንሾቹ ፓርቲዎች ደጅ ሰፋ ብሏል። በ2009 የፊሊፒንስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 20 በመቶው እስኪሞላ ድረስ ከ2 በመቶ በታች ያገኙትም ወንበር እንዲደርሳቸው ወሰነ፤ በ2022 በውጭ አገር ሠራተኞች ስም የተወዳደረ ሌላ ፓርቲ አንድ ወንበር ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተሰጠው ሌላ ውሳኔ ግን ያሳዝነኛል፤ ፓርቲዎቹ ሁሉ የተገፉትን የመወከል ግዴታ እንደሌለባቸው ስላወጀ፣ በድሆች ስም ለሚገቡ ባለሀብቶችና ባለሥልጣን ቤተሰቦች በሩ ይበልጥ ተከፈተ።

በግንቦት 2025ቱ ምርጫ ደግሞ ውጭ ያሉ ፊሊፒናውያን በብዙ አገሮች በኢንተርኔት መርጠዋል። ስልክ በእጇ ያለ ሠራተኛ እሁድን መጠበቅ ቀርቶላታል፤ ፓስፖርቷን ማስመለሱ ግን አሁንም ይቀራታል።