አምበሉ ማን ነው? (ክፍል ስድስት)

ቅዳሜ ጥር 12 ቀን 1954 ዓ.ም. የካ ሚካኤል ከጥምቀተ ባሕር ተመልሶ መንበሩ ገባ። እልልታው ከእንጦጦ ግርጌ ሳይበርድ እሑድ ነጋ፤ ከተማው ፊቱን ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም አዞረ። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ተጋጣሚያችን ግብፅ።

አሰልጣኛችንን አቶ ይድነቃቸው ተሰማን ባለፈው ሳምንት የተውናቸው በአምበሉ ጉዳይ ተወጥረው ነበር። ሉቺያኖ ቫሳሎ አሥመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር። ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ የሚቀበል ሰው የጣሊያን ስም ይዞ እንዴት ይቀርባል የሚሉ ነበሩ። ይድነቃቸው ግን ወይ ፍንክች! አምበሉ ሉቺያኖ ነው፣ አለቀ።

ይህን ያሉት ማን እንደሆኑ አስቡት። በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው የጊዮርጊስ ክለብ ገና በልጅነታቸው ኳስ ሲጀምሩ ፋሺስት ገባ። ነጭና ጥቁር በአንድ ቡድን እንዳይሰለፍ የሚከለክል አገዛዝ ሥር ተጫወቱ። ቂም ለመያዝ ምክንያት ሞልቷቸዋል። 23 ዓመት ያንኑ ማልያ ለብሰው ጫማቸውን ከሰቀሉ በኋላ አሰልጣኝ ሆነው ሲቀመጡ፣ ያ ቂም አንድ ወጣት ላይ እንዲወርድ አልፈቀዱም። ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ እኔ ግን ከሥልጣናቸው ሁሉ ይህችን ውሳኔ እወድላቸዋለሁ።

ውሳኔዋ ግን ዛሬ ሜዳ ላይ ትፈተናለች። ግብፅ በ1949 ካርቱም ላይ 4 ለ 0፣ በ1951 ካይሮ ላይ ደግሞ 4 ለ 0 ቀጥታናለች። ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደችው እሷ ናት። ዛሬ ብንሸነፍ ጣቱ ወደ ማን እንደሚቀሰር ማን ያጣዋል?

በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ ባዳዊ አገባ። 1 ለ 0።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አያልፍም። የእኛ ልጆች ያጠቃሉ፣ የግብፅ ተከላካዮች ይመልሳሉ፤ እረፍት ሆነ፣ ተመለሱ፣ አሁንም 1 ለ 0። 74ኛው ደቂቃ ላይ ግርማ ተክሌ ኳሷን መረብ ላይ አሳረፋት! ስታዲየሙ ተነሣ፤ የማይተዋወቅ ሰው ተቃቀፈ። ተቃቅፎ ሳይላቀቅ ባዳዊ ደገመ። 75ኛው ደቂቃ፣ 2 ለ 1።

ጩኸቱ ባንዴ ጠፋ። በይድነቃቸው ሰዓት 15 ደቂቃ ቀርቷል። 10። 7።

84ኛው ደቂቃ። ኳሷ ግብፅ ክልል ውስጥ ናት። እግሩ ሥር የገባችለት ደግሞ ያ ሁሉ ሙግት የተነሣበት አምበል፣ ሉቺያኖ ነው።

(ሳምንት ይቀጥላል)