ስለ ሱስና ስለ ሐራራ፤ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር

በየቤታችን ብዙ ጊዜ የምናየው ነገር አለ። ዘወትር ቡና የሚጠጡ እመቤት በመንገድ ወይም በለቅሶ ምክንያት ቡናው የቀረባቸው እንደ ሆነ፥ ራሳቸውን በሻሽ ጠፍረው ይቀመጣሉ፤ ልጅ ሲስቅ ይቈጣሉ፤ ዕቃ ሲጋጭ ይነጫነጫሉ። ቡናው ፈልቶ አንድ ሲኒ ፉት ያሉ ጊዜ ግን ፊታቸው ይፈታል፤ ቤቱም ሰላም ያገኛል። ጎረቤቱም «ሱሳቸውን ሳያደርሱ ቀርተው ነው» ብሎ ያልፈዋል እንጂ፥ እመቤቲቱን ክፉ ሴት ናቸው የሚል የለም።

ለቡና ሐራራ የምናደርገውን ይህን ምሕረት ለሌላው ሐራራ እንነፍገዋለን። መጠጥ ወይም ጫት ወይም ከዚያ የከፋ አደንዛዥ ዕፅ የለመደ ልጃችን ሲቅበጠበጥ፥ ሲቈጣና ሲዋሽ ባየነው ጊዜ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» ብለን እንተርትበታለን። ሊቃውንት ባለፉት ሰባ ዓመታት በአንጎል ላይ ያደረጉት ምርመራ ግን ነገሩ ከተረቱ የጠለቀ መሆኑን አስረድቷል። እኛም ዛሬ ይህንኑ ለቤተ ሰብ በሚገባ ቋንቋ ልናቀርበው ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በቡናው እንጀምር። ሰው ነቅቶ በዋለ መጠን አዴኖሲን የሚባል ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሥራውም በነርቭ ሕዋሳት ላይ ካሉት ከተለዩ መቀበያዎች ገብቶ «ይበቃል፥ ዕረፍ» የሚል መልእክት ማድረስ ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን መልኩ አዴኖሲንን ስለሚመስል፥ ከመቀበያው ላይ ቀድሞ ይቀመጥና እውነተኛውን መልእክተኛ ደጅ ያስጠናዋል። አንጎልም ይህ በየቀኑ ሲደጋገምበት መቀበያዎቹን ያበዛል። ቡናው በቀረ ቀን አዴኖሲን በበዙት በሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል፤ የአንጎል የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ራስ ይፈልጣል፤ ሰውነት ይዝላል። ሕመሙ ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ከ2 እስከ 9 ቀን ቈይቶም ይለቃል።

ከዚህ ትንሽ ምሳሌ አንድ ትልቅ ሕግ እናገኛለን። አንጎል ሚዛን ጠባቂ ነው። በአንድ ወገን ሸክም ሲጫንበት፥ እንዳያዘነብል በሌላው ወገን ድንጋይ ይጨምራል። ሸክሙ በድንገት የተነሣ እንደ ሆነ ድንጋዩ ብቻውን ይቀራል፤ ሚዛኑም ወደ ማዶ ይወድቃል። ሐራራ የሚባለው ይህ ውድቀት ነው። ስለዚህም ሐራራ ዕፁ ይሰጠው ከነበረው ስሜት ተቃራኒ ሆኖ ይመጣል፤ ያነቃ የነበረው ሲቀር ያደክማል፤ ያረጋጋ የነበረው ሲቀር ያሸብራል።

ይህ ሕግ እጅግ ተገልጦ የታየው ከኦፒየም በሚገኙት በሞርፊንና በሄሮይን ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ካንዳስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር እነዚህን ዕፆች የሚቀበል ልዩ መቀበያ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሳዩ። በዚያው ዓመት በኒው ዮርክና በስዊድን አገር በኡፕሳላ የሚሠሩ ሌሎች ሊቃውንትም ይህንኑ አገኙ። ከዚህ በኋላ አንድ ጥያቄ ተነሣ። በሩቅ ማሳ ለሚበቅል አበባ፥ ቁልፉን የሚቀበል ጓጉንቸር በሰው ራስ ውስጥ ስለ ምን ተሠራ? መልሱ በ1975 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ከአበርዲን ከተማ መጣ። ጆን ሂውዝና ሐንስ ኮስተርሊትስ የአሳማ አንጎል ሲመረምሩ ሞርፊንን የሚመስል ሥራ የሚሠራ ንጥረ ነገር አገኙ፤ ስሙንም ከግሪክ ቋንቋ ወስደው ኤንኬፋሊን አሉት፤ ትርጓሜውም «በራስ ውስጥ ያለ» ማለት ነው። እንግዲህ ጓጉንቸሩ የተሠራው ለአበባው ሳይሆን አንጎል ራሱ ለሚያዘጋጀው የሥቃይ ማስታገሻ ነበር፤ ኦፒየም ግን በተመሳሳይ ቁልፍ ገብቶ ቤቱን የወረሰ እንግዳ ነው።

እንግዳው ሲወጣ ምን ይሆናል? በአንጎል ግንድ ውስጥ በላቲን ቋንቋ «ሰማያዊ ስፍራ» የተባለ እጅግ ትንሽ ቦታ አለ። ኖርአድሬናሊን የሚባለውን ንጥረ ነገር እያፈለቀ ሰውነትን የሚያነቃና በአደጋ ጊዜ የሚያስጠነቅቅ እርሱ ነው። ሞርፊን ይህን ዘበኛ ያስተኛዋል። የዘበኛው ሕዋሳት ግን እንደ ተኙ አይቀሩም፤ ጭቆናውን ለመቋቋም ኃይላቸውን ቀስ በቀስ ይጨምራሉ። ዕፁ በድንገት ሲቀር ያ የተጠራቀመ ኃይል ያለ ከልካይ ይፈነዳል። ልብ ይመታል፤ ላብ ያጠምቃል፤ ዓይንና አፍንጫ ይፈሳል፤ ጠጕር ይቆማል፤ ሆድ ይቈርጣል፤ ተቅማጥ ይይዛል፤ እንቅልፍ ይጠፋል። በሄሮይን ይህ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ጀምሮ ከ4 እስከ 10 ቀን ይቈያል። በ1978 ዓ.ም. የታተመ የሐኪሞች ምርመራም፥ ለደም ግፊት የሚሰጠው ክሎኒዲን የኖርአድሬናሊንን ፍሰት ስለሚገታ ይህን ሥቃይ እንደሚያቀል አሳይቷል። በመድኃኒት የሚበርድ ሥቃይ የጠባይ ክፋት ብቻ ሊሆን አይችልም።

የሰውነቱ ሕመም ካለፈ በኋላ የሚቀረው ግን የበለጠ ረቂቅ ነው። በ1954 ዓ.ም. በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ጄምስ ኦልድስና ፒተር ሚልነር በአይጥ አንጎል ውስጥ ቀጭን ሽቦ አግብተው፥ አይጧ መጫኛውን በእግሯ ስትነካ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲደርሳት አደረጉ። አይጦቹ መጫኛውን ያለ መታከት ደጋግመው የሚነኩ ሆነው ተገኙ። ዛሬ እንደሚታወቀው በዚህ መንገድ ከሚሠሩት ዋናው ዶፓሚን ነው፤ ሥራውም «ይህ ነገር ጠቃሚ ነው፥ አትርሳው፥ ፈልገው» ብሎ ማተም ነው። ሱስ የሚያስይዙ ዕፆች ሁሉ ማለት ይቻላል ዶፓሚንን ከልክ በላይ ያፈሱታል። በአገራችን በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖንም ሥራው ይኸው ነው፤ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ድብርትና ቃሚዎች ዱካክ የሚሉት ቅዠትም የዚያው የሚዛን ውድቀት ነው። ዕለት ዕለት ሲፈስበት የኖረ አንጎል ዕፁ ሲቀር ደስታው ይደበዝዛል፤ ምግብ፥ ጨዋታ፥ የልጅ ሣቅ እንኳ ለወራት ጣዕም ያጣበታል። የተለመደው ሰፈር፥ ጓደኛና ሰዓት ግን ከአንጎል ላይ እንደ ታተመ ይቈያል፤ ባየው ቍጥር ሐራራው ይነሣበታል።

ስለዚህም ስፍራና ባልንጀራ ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። በ1971 ዓ.ም. ከቬትናም ጦርነት የተመለሱትን የአሜሪካ ወታደሮች ሊ ሮቢንስ የተባሉ ሴት ሊቅ በመረመሩ ጊዜ፥ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳሉ የሄሮይንና የመሰሎቹ ሱሰኞች ሆነው ነበር። አገራቸው ከገቡ በኋላ ግን በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሱሱ የተመለሱት ከሱሰኞቹ ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ሱስ የማይፈታ እስራት ነው ለሚሉ ይህ መልስ ነው።

እንግዲህ በቤት ውስጥ ሱሰኛ ያለበት ቤተ ሰብ ሦስት ነገር እንዲያስብ አጥብቀን እንመክራለን።

አንደኛ፤ ብዙ ዘመን አረቄ የጠጣን ሰው፥ እንዲሁም የእንቅልፍና የማረጋጊያ ኪኒን የለመደን ሰው፥ በቤት ዘግተው በድንገት ማስተው ለሞት ሊያደርስ ይችላል። መጠጡ በቀረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚጥል ሕመም፥ መንቀጥቀጥና የሌለ ነገር የማየት ቅዠት ሊመጣበት ይችላልና፥ በሐኪም እጅ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ሄሮይን ወይም መሰሉን ትቶ የቈየ ሰው የቀድሞ ችሎታው ከእርሱ ርቋል። የድሮውን ልክ ቢወስድ እስትንፋሱ ተቋርጦ ይሞታል። ከሕክምና ቤት ወይም ከእስር ቤት በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤተ ሰብ ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅለት ይገባል። ናሎክሶን የሚባለው መድኃኒት በጊዜው ከደረሰ የተቋረጠውን እስትንፋስ ይመልሳል።

ሦስተኛ፤ በሐራራ ሰዓት ከሱሰኛ ጋራ ክርክር አይጀመር። የዋሸውንና የሰረቀውን እንዲመልስ ማድረግ ተገቢ ነው፤ በሽታ በደልን አያጠፋምና። ነገር ግን የዘበኛው ሁከት እስኪበርድ መጠበቅ ያሻል። ገንዘብ ይከልከል፤ ምግብና መኝታ ግን አይከልከል። ሐኪም ሜታዶን ወይም ቡፕረኖርፊን ያዘዘለት እንደ ሆነም «አንዱን ሱስ በሌላ ለወጠ» ተብሎ አይነቀፍ፤ እነዚህ ሚዛኑን በዝግታ የሚያስተካክሉ መድኃኒቶች ናቸው።

ብዙ ወላጆች የሰው ወሬ ፈርተው የልጃቸውን ሱስ እንደሚሸሽጉ እናውቃለን። ልጁም እንደ ተሸሸገ ይጎዳል፤ እናትም ብቻዋን ታለቅሳለች። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለዚህም ይሆናል። ሻሽ ለጠፈሩት እመቤት ቡና እስኪፈላ የምንታገሠውን ያህል፥ ለዚያም ልጅ ሐኪም እስኪደርስለት ብንታገሠው ከሞት የሚተርፍ ብዙ ነው።