ሻንጣ የሚያክል የሙዚቃ ስቱዲዮ፤ ስለ ባሕርዩና ስለ አሠራሩ

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ገና በጀመረበት ዘመን፣ ድምፅን ከኤሌክትሪክ አመንጭቶ ዜማ ለመድረስ የሚሻ ሰው ተሰጥኦና ትጋት ቢኖረውም እንኳ የአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወይም የራዲዮ ጣቢያ ደጅ ካልተከፈተለት በቀር ምኞቱ ከምኞት አያልፍም ነበር፤ መሣሪያው ዋጋው የከበደ፣ አካሉም የገዘፈ ስለ ነበረ ግለሰብ ሊገዛውም ሊያንቀሳቅሰውም አይችልምና። እ.ኤ.አ. በ1957 በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተተከለው አርሲኤ ማርክ 2 የተባለው ሲንቴሳይዘር ብቻውን አንድ ክፍል ይሞላ ነበር። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ከሠሩት የሙዚቃ ሊቃውንት አንዱ ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው ግብፃዊ ሲሆን፣ እርሱም በ1944 በካይሮ የዛር ሥርዓትን ድምፅ በሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ ቀድቶ፣ ከቀዳው ላይ እየቀነሰና እያስተጋባ አዲስ ድርሰት ያወጣ፣ ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረና በ1963 መሰንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን በአንድ መድረክ ያሰለፈውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን የመሠረተ ሰው ነው። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ታሪክ የአገራችንን ደጅ ሳይረግጥ አላለፈም።

ግዙፉን መሣሪያ ወደ ትንንሽ ክፍሎች የመክፈል ሐሳብ በ1960ዎቹ አጋማሽ ከአሜሪካ ሁለት ዳርቻዎች ተነሣ፤ በምሥራቅ ሮበርት ሙግ፣ በምዕራብ ዶን ቡክላ፣ እያንዳንዱ አንድ ግብር ብቻ ያለውና በገመድ ከሌላው ጋር የሚገናኝ ሞጁል ሠሩ። በሚቀጥለው ዐሥር ዓመት መጀመሪያ ላይ ኢኤምኤስ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ሲንቲ ኤኬኤስ የተባለውን መሣሪያ በእጅ በሚንጠለጠል ሻንጣ ውስጥ አድርጎ አቀረበ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ጀርመናዊው ዲተር ዶፕፈር ኤ-100 የተባለውን ሥርዓት አውጥቶ የሞጁሉን ቁመትና ስፋት፣ የኃይሉንም መጠን ወሰነ፤ ሌሎች ሠሪዎችም ያንኑ ልክ ስለ ተከተሉ ዩሮራክ የሚባለው የጋራ ሥርዓት ተመሠረተ፤ በዚህም የአንዱ አገር ሠሪ ያወጣው ሞጁል በሌላው አገር ሠሪ ሣጥን ውስጥ ያለ ችግር ይገባል።

ይህ ስቱዲዮ በሻንጣ ሊጠቃለል የቻለበት ምክንያት ግን የዕቃዎቹ መርቀቅ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምሥጢር የሚሰማው ድምፅና ድምፁን የሚገዛው ትእዛዝ በባሕርይ አንድ መሆናቸው ነው። ሁለቱም በሽቦ ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ቮልት እንጂ ሌላ አይደሉም። ኦስሌተር የተባለው ሞጁል ቮልቱን በሴኮንድ 440 ጊዜ ቢያወዛውዘው በድምፅ ማጉያ «ላ»ን እንሰማለን፤ ያንኑ ውዝዋዜ በሴኮንድ ወደ 5 ጊዜ ብናወርደው ጆሮ እንደ ዜማ አይቀበለውም፤ ነገር ግን ወደ ሌላ ኦስሌተር ልከን ከፍታውን እንዲገዛ ብናደርገው፣ ዘፋኝ ድምፁን ሲያርገበግብ የምንሰማውን ዓይነት እርግብግቢት ይሰጠናል። በማኅሌት የቀኙ ወገን ሲመራ ግራው እንደሚቀበል፣ ግራው ሲመራም ቀኙ እንደሚቀበል፣ በዚህም ሣጥን ውስጥ ገመዱን ነቅሎ ሌላ ቦታ በመሰካት ብቻ ትናንት ታዛዥ የነበረው ሞጁል ዛሬ አዛዥ ይሆናል። እንግዲህ አንዱ ክፍል ብዙ ማዕረግ መያዝ ከቻለ፣ ጥቂት ክፍሎች ለብዙ ሥራ ይበቃሉ ማለት ነው።

ስቱዲዮውን ለመገንባት የሚነሣ ሰው ከሞጁሎቹ አስቀድሞ ስለ ሣጥኑ ማሰብ ይገባዋል። የዩሮራክ ሞጁል ፊት ቁመቱ 128.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ስፋቱ ኤችፒ በሚባል መስፈሪያ ይለካል፤ 1 ኤችፒ 5.08 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ 84 ኤችፒ የሆነ ባለ አንድ ረድፍ ሣጥን ከ43 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ያነሰ ቦታ ይሰጣል፤ ይህም በጉልበት ላይ የሚቀመጥና በአንድ እጅ የሚያዝ ነው። ጥልቀቱም መዘንጋት የለበትም፤ ፊቱ ጠባብ የሆነ ሞጁል ከኋላው ረጅም ሊሆን ይችላልና፣ ሳይለኩ የገዙት ሞጁል ከስስ ሣጥን ጋር አይስማማም።

ከሣጥኑ ቀጥሎ የሚታሰበው ኃይሉ ነው። ሞጁሎቹ ፖዘቲቭ 12 እና ኔጋቲቭ 12 ቮልት ይሻሉ፤ አንዳንዶቹም 5 ቮልት ይጨምራሉ። እያንዳንዱ ሞጁል ከእያንዳንዱ መሥመር ስንት ሚሊ አምፒር እንደሚወስድ በመግለጫው ላይ ተጽፏልና፣ ሁሉን ደምሮ ድምሩ ከኃይል ሰጪው አቅም በታች መሆኑን ማረጋገጥ፣ ለመጠባበቂያም ሩብ ያህሉን ትርፍ መተው ይገባል። በየመንገዱ ሊሠራበት የሚሻ ሰው የስልክ ባትሪ መሙያ የሆነውን ፓወር ባንክ ተቀብሎ ወደነዚህ ቮልቶች የሚለውጥ ሣጥን መምረጥ ይችላል። ሞጁሉን ከኃይሉ ጋር የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድ በአንድ ጠርዙ ቀይ መሥመር አለው፤ ያ ቀይ መሥመር የኔጋቲቭ 12 ቮልት ምልክት ነው። ሣጥኑን ሳያጠፉ መሰካት ወይም ቀዩን ወገን አዛብቶ መግጠም ሞጁሉን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ስለዚህ ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ጥንቃቄ ከሁሉ ይበልጣል።

የሞጁሎቹ ምርጫ እንደየሰው ሐሳብ ቢለያይም፣ መሠረታዊው ድልድል ይህን ሊመስል ይችላል፤ ለሁለት ኦስሌተሮች 20 ኤችፒ፣ የድምፁን መልክ ለሚያጠራው ፊልተር 8፣ ድምፁን ለሚያጎላና ለሚያከስም አምፕሊፋየር 8፣ ኢንቨሎፕ ለሚባለው የአነሣሥና የአወዳደቅ ገዢ 8፣ ለዝግተኛ ውዝዋዜ 4፣ ዜማውን በተራ ለሚያሰማው ሲኩዌንሰር 16፣ ቮልቱን በቅኝቱ ልክ ለሚያስተካክለው ኳንታይዘር 8፣ ለሚክሰር 6፣ ለመውጫው ደግሞ 4። የመውጫው ሞጁል እንደ ትርፍ ሊቈጠር አይገባም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ቮልት ያህል ስለሚወዛወዝ፣ ለተራ መቅረጫ ወይም ለጆሮ ማዳመጫ እንዲስማማ መውረድ ያስፈልገዋል።

አሁን ሥራውን በትዝታ ቅኝት እንመልከተው። በዩሮራክ ልማድ 1 ቮልት ሲጨመር ድምፁ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ ኦክታቩም 12 ግማሽ ድምፆች ስላሉት እያንዳንዱ ግማሽ ድምፅ 83 ሚሊ ቮልት ያህል ነው። መነሻውን ድምፅ 0 ብንለው፣ የሜጀር ትዝታ አምስቱ ድምፆች በ0፣ በ0.167፣ በ0.333፣ በ0.583 እና በ0.75 ቮልት ላይ ይገኛሉ። ከነዚህ ሦስተኛውንና አምስተኛውን እያንዳንዳቸውን በ83 ሚሊ ቮልት ዝቅ ብናደርግ፣ ሦስተኛው 0.25፣ አምስተኛው 0.667 ይሆንና፣ ሌላው ሁሉ ሳይነካ ዜማው ወደ ማይነር ትዝታ ይለወጣል። ሁለት ማዞሪያዎችን በጣት ጥቂት መለስ በማድረግ ብቻ የሐዘኑ ጥልቀት ሲለወጥ የሰማ ሰው፣ ቅኝት ማለት በእርግጥ የርቀት ሥርዓት መሆኑን ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ከዚህ ይረዳዋል። የመሰንቆና የበገና ድምፅ ግን ሁልጊዜ በነዚህ 12 እኩል ደረጃዎች ላይ አያርፍም፤ በዚያን ጊዜ ኳንታይዘሩን አልፎ ገመዱን ከሲኩዌንሰሩ በቀጥታ ወደ ኦስሌተሩ መሰካት፣ ማዞሪያውንም ጆሮ ደስ ባለው ቦታ ማቆም ይቻላል። ድምፁ ከመነሻው በደረጃ የታሰረ ፒያኖ ይህን ነፃነት አይሰጥም።

ይህ መሣሪያ የሚጠይቀው ነገርም አለ። በገመድ የተሠራው ትስስር አንዴ ከተነቀለ መሣሪያው ራሱ አያስታውሰውም፤ ያገኙትን ድምፅ በዚያው ሰዓት መቅዳት፣ ገመዱ ከየት ወዴት እንደሄደም በማስታወሻ መጻፍ ግዴታ ነው። ከዚህም የሚከብደው ባዶ ቦታ ባዩ ቍጥር አዲስ ሞጁል የመግዛት ፈተና ነው፤ ፈተናውን ያሸነፈ ሰው ግን ያለውን ሞጁል ከዚህ በፊት ባልሞከረው ቦታ እየሰካ አዲስ ግብር ያገኝለታል። ጀማሪ የሆነ ወዳጅ ቢጠይቀኝ የምመክረው ይህንኑ ነው፤ ሣጥኑን አሳንሰህ ጀምር፤ እያንዳንዱ ሞጁል አዛዥም ታዛዥም ሆኖ ሲሠራ በገዛ ጆሮህ ሳትሰማው ሁለተኛ ሣጥን አትግዛ።