በአሜሪካ በረዶ የሚበዛባቸውና የሚያንስባቸው አገሮች

ልጁን ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ አሜሪካ የላከ ቤተ ሰብ ኅዳር ሲገባ አሳብ ይይዘዋል። በእኛ አገር መከር ደርሶ ፀሐይ ስትደምቅ በዚያ ብርዱ መጀመሩን ያውቃልና፥ እናት ጋቢ ታስፈትላለች፤ አባትም በደብዳቤው ግርጌ «ከበረዶው ተጠንቀቅ» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን የልጁን ከተማ ሳይለዩ እንዲህ ማለት፥ ደጋውንና ቆላውን ሳይለዩ ስለ ኢትዮጵያ ብርድ እንደ መናገር ያለ ነው። ስለዚህ የዚያ ሰፊ አገር በረዶ በየክፍሉ እንዴት እንደሚለያይ ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

በእኛ አገር በረዶ የምንለው ከዝናም ጋራ እንደ ጠጠር የሚወርደውን ነው። የእነርሱ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ ለስላሳ ሆኖ ድምፅ ሳያሰማ የሚያርፍ ነው። የአየር ተመልካቾች በነጭ ሳንቃ ላይ ያረፈውን ይለኩና ሳንቃውን ጠርገው ደግሞ የሚወርደውን ይጠብቃሉ፤ የዓመቱም ልክ የሚገኘው የየጊዜው ተደምሮ ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ 3 ሜትር ወረደ ቢባል ሰው በ3 ሜትር ክምር ተቀበረ ማለት አይደለም፤ ብዙው በመካከሉ ይቀልጣል። ከዚህ በታች የምንጽፈው የከተሞች አማካይ ልክ ከ1991 እስከ 2020 የ30 ዓመቱ ተደምሮ ሲካፈል የተገኘው ነው፤ ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን ከተማ በዓመት የሚወርደው 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ በአትላንታ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የዳላስ ከዚያም ያንሳል። በማያሚማ በ1977 ጥቂት ብናኝ ቢታይ እስከ ዛሬ ይወራል። ወደ ሰሜን ሲወጡ ግን ቺካጎ 1 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ቦስተን 1 ሜትር ከ25፥ ሚኒያፖሊስ 1 ሜትር ከ30፥ ቡፋሎ 2 ሜትር ከ40፥ ሲራኪዩስም 3 ሜትር ከ20 ያህል ይወርድባቸዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ መጠየቁ አይቀርም፤ ሚኒያፖሊስ ከቡፋሎ ይልቅ እጅግ ብርዳም ከተማ ሆና ሳለ በረዶዋ ስለ ምን ወደ ግማሽ ይጠጋል? ብርድ ብቻውን በረዶ አይሠራምና ነው፤ እርጥበት ያስፈልገዋል። ቡፋሎ የተመሠረተችው በኢሪ ሐይቅ ዳር ነው። ሐይቁ የበጋውን ሙቀት ይዞ ሲቆይ ቀዝቃዛው ነፋስ በላዩ ያልፋል፤ ከውሃው እርጥበቱን ተሸክሞ የብስ ሲደርስ በረዶ አድርጎ ያራግፈዋል። ሐይቁ ራሱ በረዶ ለብሶ ሲደርቅ ግን ይህ ነገር ይቀንሳል። የሲራኪዩስም ነገር እንደዚሁ ከኦንታሪዮ ሐይቅ የሚመጣ ነው። የሚያስደንቀው ደግሞ ይህ በረዶ እንደ መቀነት ጠባብ ሆኖ መውረዱ ነው። በ2014 በኖቬምበር ወር ከቡፋሎ በስተደቡብ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ ሲከመር፥ በሰሜን በኩል ያሉ ሠፈሮች ያገኙት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

በምዕራብ በኩል የሚለየው ከፍታው ነው። የሲያትል ከተማ ከባሕር አጠገብ ስላለች 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ብታገኝ ነው። ከእርስዋ ብዙ ባልራቀው በሬይኒር ተራራ ላይ ግን ፓራዳይዝ በሚባለው ስፍራ በየዓመቱ 16 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ከ1971 እስከ 1972 በነበረው ወራትም ከ28 ሜትር በላይ ተለክቶአል። ከፓሲፊክ ውቅያኖስ የሚመጣው እርጥብ ነፋስ ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ሸክሙን በዚያ ይጥላል።

ይህን አይቶ «የእኔ ልጅ በዋሽንግተን ነው፤ በአትላንታ ነው» ብሎ የሚዝናና ወላጅ ቢኖር፥ አማካይ ልክ የአንዱን ቀን ነገር እንደማይናገር እናስታውሰዋለን። በ1922 በዋሽንግተን 71 ሳንቲ ሜትር በረዶ ወርዶ የአንድ ሲኒማ ቤት ጣራ ስለ ተደረመሰ 98 ሰዎች ሞተዋል። በ2014 በጃንዩዌሪ ወር በአትላንታ የወረደው ከ7 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ከተማይቱ አልለመደችውምና ሰዎች ሌሊቱን በመንገድ ላይ በአውቶሞቢል ውስጥ አደሩ፤ ብዙ ልጆችም ከወላጆቻቸው ተለይተው በትምህርት ቤት አደሩ። ቡፋሎ ያንኑ ያህል ቢወርድባት መንገዷን ጠርጋ ሥራዋን ትቀጥል ነበር።

ስለዚህ በደብዳቤው ግርጌ ሊጻፍ የሚገባው ይህ ይመስለናል። አውቶሞቢሉ በበረዶ ውስጥ የቆመበት ሰው የጢስ መውጫው አለመደፈኑን ወጥቶ ሳያይና ሳይጠርግ ሞተሩን አስነሥቶ አይቀመጥ፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ አየር ወደ ውስጥ ተመልሶ ተኝቶ እንዲቀር ያደርገዋልና። እናት የምታስፈትለው ጋቢም ለቤት ውስጥ መልካም ነው፤ ጥጥ ግን ከራሰ አያሞቅምና ለውጭው የሱፍ ልብስና ውሃ የማያስገባ ጫማ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ቢጨመርበት ይሻላል።